መምህርት ፈሪዳ በረዶ ይዘው ሦስተኛ ክፍል የገቡበት ዜና

በዘመነ ሉቃስ ወንጌላዊ፣ በ፲፱፻፸፭ ዓመተ ምሕረት፣ አብዮት በፈነዳ በዘጠነኛው ዓመት፣ ጓድ ኦጆት በርዕሰ መምህርነት ወንበር በተቀመጡ በሦስተኛው፣ የሦስተኛ ክፍል በር ከማጠፊያው ወልቆ ግድግዳ በተደገፈ በሁለተኛው፣ በወርኀ መጋቢት፣ ፀሐይ የጋምቤላን ቆርቆሮ ሁሉ እንደ ጋለ ብረት ባደረገችበት፣ የባሮ ወንዝም ከዳርቻው ሸሽቶ ወደ መሃሉ በተሰበሰበበት ወራት፣ ወለተ ሸሪፍ ነጋዴ፣ እመ ሃምሳ ስምንት ደቂቅ፣ ባለ ቀይ እስክሪብቶ የሆኑት መምህርት ፈሪዳ ያደረጉትን እንጽፋለን፤ የሚያነብ ያንብብ፣ የሚጠራጠርም ወደ ሠፈሩ ወርዶ ይጠይቅ።

መምህርት ፈሪዳ የሃያ አንድ ዓመት ወጣት ነበሩ። ቁመታቸው ከሰሌዳው የላይኛው ጠርዝ አይደርስምና ረዥም ዐረፍተ ነገር ሊጽፉ በፈለጉ ጊዜ ወንበር ላይ ይወጡ ነበር፤ ተማሪዎችም ወንበሩ ሲጎተት በሰሙ ቁጥር የዛሬው ነገር ከባድ ነው ብለው ይተክዙ ነበር። ተወልደው ያደጉት እዚያው ጋምቤላ፣ በባሮ ዳር ባለው በአባታቸው ሱቅ ነው። ደጋ አገር ካለው የመምህራን ማሠልጠኛ አንድ የምስክር ወረቀትና አንድ የሱፍ ሹራብ ይዘው ተመለሱ፤ የምስክር ወረቀቱ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፣ ሹራቡ ግን ከሣጥን ወጥቶ አያውቅም።

የሚገዙት ሕዝብም እንዲህ ነበረ። በመስኮቱ በኩል የኑዌር ልጆች፣ በበሩ በኩል የአኙዋክ ልጆች፣ በመካከል ከደገኛ ነጋዴና ከመንግሥት ሠራተኛ የተወለዱት ይቀመጡ ነበር፤ በእነዚህም ሦስት አገሮች መካከል ድንበር ባይሰመርም ላጲስ እንኳ ያለ ጠብ አይሻገርም ነበር። የሚማሩት አማርኛ ግን ለሁሉም አንድ መጽሐፍ ነው፤ መጽሐፉም የተጻፈው በደጋ ሰው እጅ ነውና ዳገት፣ ገደል፣ ጉም፣ ውርጭ፣ ካባ በሚሉ ቃላት የተሞላ ነው። ልጆቹም እነዚህን ቃላት በዝማሬ ያጠኑ ነበር። መምህርቲቱ ዳገት ሲሉ ልጆቹ ዳገት ይላሉ፣ ሰባት ጊዜም ይደግማሉ፣ ድምፃቸው እስከ ገበያ ይሰማል። ነገር ግን አንድ ቀን መምህርት ፈሪዳ ዳገት ምን እንደሆነ በየተራ በጠየቁ ጊዜ አንዱ የዓሣ ዓይነት ነው አለ፣ አንዱ የድሮ ገንዘብ ነው አለ፣ አንዷም ቲቸር ሲናደዱ የሚጮኹት ነገር ነው ብላ መለሰች። መምህርት ፈሪዳም ጠመኔውን አስቀምጠው በመስኮት ወደ ውጭ ተመለከቱ፤ ከዚያ መስኮት እስከ ሰማይ ዳር አንድም ዳገት አልነበረም።

በመስኮቱ ረድፍ መጨረሻ ኛባንግ የምትባል የአሥር ዓመት ልጅ ትቀመጥ ነበር። በኅዳር ወር ከድንበር ማዶ መጥታ ዓሣ ከምትሸጠው ከአክስቷ ከኛሩአች ዘንድ አረፈች፤ ከዚያ ወር ጀምሮም በክፍል ውስጥ በማንኛውም ቋንቋ አንድ ቃል አልተናገረችም። በዝማሬውም ጊዜ ከንፈሯ አይንቀሳቀስም ነበር። መምህርት ፈሪዳ ስሟን በጠሩ ቁጥር ተነሥታ ትቆማለች፣ ትንሽ ቆይታም ትቀመጣለች። ይህም ነገር መምህርቲቱን ከሙቀቱ ይልቅ ያስጨንቃቸው ነበር።

በመጋቢት በሦስተኛው ቀን ግን ጓድ ኦጆት ከዛፉ ላይ የተንጠለጠለውን የመኪና ቸርኬ በብረት አስመትተው ትምህርት ቤቱን ሁሉ ሰበሰቡና እንዲህ ብለው አወጁ። «ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ አሰማ! ከዛሬ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ከበላይ አካል ተቆጣጣሪ ጓድ ይመጣሉ። ከመጽሐፉ ሠላሳ የአማርኛ ቃል ሃያውን የማያውቅ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ወደ ሁለተኛ ክፍል ይወርዳል። አላውቅም ማለት ፀረ ዕድገት ነው!»

ይህ አዋጅ በተነገረ ጊዜ ኳች ከመስመሩ ወጣ። ኳች የክፍሉ አለቃ፣ ዕድሜው አሥራ ሰባት፣ ከመምህርቲቱ በሁለት ክንድ የሚበልጥ፣ ሲገባ ለበሩ፣ ሲነሣ ለጣሪያው የሚሰግድ ተማሪ ነው። ኳችም በመምህርት ፈሪዳ ፊት ቆሞ በበኩሉ እንዲህ ብሎ አወጀ። «ቲቸር፣ እኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። የሁለተኛ ክፍል ወንበር ጉልበቴን አያስገባም። ከወደቅሁ ዲማ ሄጄ ወርቅ እቆፍራለሁ። ጨርሻለሁ።»

መምህርት ፈሪዳ በዚያ ቀን ምሳቸውን አልበሉም። ኳች ማንበብ የጀመረው በአሥራ ሦስት ዓመቱ እንደነበረ፣ ለታናናሾቹም የሚመጣውን ደብዳቤ ሁሉ እርሱ እንደሚያነብላቸው ያውቁ ነበርና፣ አንድ ውርጭ የሚባል ቃል ይህን ልጅ ወደ ጉድጓድ እንዲሰድደው አልወደዱም። ስለዚህ በልባቸው መከሩ፣ ዝማሬው ይብቃ፣ ጨዋታ ይጀመር ብለውም ቆረጡ።

ወእምዝ በማግሥቱ ሠራዊታቸውን አሰልፈው ወደ ባሮ ዳር ዘመቱ። ውሃው በሸሸበት በኩል ዳርቻው ቁልቁል የተቆረጠ ስለሆነ፣ በአገሩ ያለው ዳገት ይህ ብቻ ነው ብለው የጨዋታውን ሕግ ነገሩ፤ የሚወጣ ዳገት እያለ ይሩጥ፣ የሚወርድ ቁልቁለት እያለ ይውረድ፣ ቃሉን የሳተ ከመነሻው ይጀምር። በዚያም ቀን ዳርቻው በጩኸት ተናወጠ። ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ሳሙናቸውን ጥለው ቆሙ፣ ዓሣ አጥማጆች ታንኳቸውን አስጠጉ፣ ከበሩ ረድፍ የመጣችው አሪየት የምትባል የአኙዋክ ልጅም ከሁሉ ቀድማ ወጥታ ከላይ ሆና በፉጨት ሠራዊቱን አዋረደች። ኳች ሊይዛት ሲሮጥ የረገጠው አፈር ተናደ፤ ቁልቁለት ሲል ጀምሮ ሳይጨርስ ጭቃው ውስጥ ተቀመጠ። መምህርቲቱም ጊዜ ሳያጠፉ በላዩ ቆመው «ይህ ገደል ይባላል!» ብለው አወጁ፤ ልጆቹም ገደል አሉ፣ ከጭቃው ውስጥም አንድ ወፍራም ድምፅ ገደል አለ። እስከ ዛሬም ይህን ቃል ከእነርሱ ማንም አልረሳውም።

ነገር ግን ጭቃ የለበሱት ልጆች በተመለሱ ጊዜ ጓድ ኦጆት በደጅ ቆመው ነበር። ጓድ ኦጆት ክፉ ሰው አልነበሩም፤ የተቆጡት ያንን የትምህርት ቤት ግቢ በገዛ እጃቸው ስለሚጠርጉት ነው። እንዲህም ብለው አወጁ። «ከዛሬ ጀምሮ ቃል የሚጠናው በክፍል ውስጥ ነው! ሸሚዝ የለበሰ ጭቃ ወደዚህ ግቢ አይገባም!»

ስለዚህ ጦርነቱ ወደ ክፍል ተመለሰ፤ በዚያም ውርጭ የሚባለው ጠላት ተቀምጦ ይጠብቃቸው ነበር። መምህርት ፈሪዳ ውርጭ ብርድ ነው አሉ። ኳች ብርድ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። መምህርቲቱ አሰቡና፣ ሰውነትን የሚያንቀጠቅጥ፣ ጥርስን የሚያንገጫግጭ፣ ብርድ ልብስ የሚያስፈልገው ነው ብለው አስረዱ። በዚህ ጊዜ የሦስቱ ረድፍ ልጆች ፊት በአንድነት በራ፣ ቃሉን አውቀውታልና፤ አሪየትም ስለ ሁሉም ተነሥታ «ገባን ቲቸር! ወባ ነው!» ብላ አወጀች። ሃምሳ ስምንቱም በደብተራቸው፣ ውርጭ ማለት ወባ ነው፣ ብለው በጥሩ የእጅ ጽሕፈት ጻፉ። መምህርት ፈሪዳ በቀዩ እስክሪብቶ ሃምሳ ስምንት ጊዜ ሰረዙ፤ ሳቃቸውንም በደብተር ሸፈኑ።

በዚያ ዘመን በጋምቤላ ብርድ የሚኖርበት ቤት ጥቂት ነበረ፤ ከእነዚያም አንዱ በጋሽ ሸሪፍ ሱቅ ጥግ የቆመው በላምባ የሚሠራ ፍሪጅ ነው። ጋሽ ሸሪፍ ይህን ፍሪጅ ከልጆቻቸው እኩል ይወዱት ነበር፤ ጧት ጧት ላምባውን ራሳቸው ይሞሉለታል፣ ክሩንም ራሳቸው ይከረክሙለታል፣ ያለ እርሳቸው ፈቃድም በሩን የሚከፍት የለም። መምህርት ፈሪዳ በቅዳሜ ጧት ኳችንና አሪየትን አስከትለው በአባታቸው ፊት ቆሙና በረዶ ለመኑ።

ጋሽ ሸሪፍም ከባንኮኒው ጀርባ ተነሥተው እንዲህ ብለው አወጁ። «ወላሂ አይሆንም! በረዶ ለለስላሳ ነው፣ በረዶ ለታመመ ነው፤ ለሰዋስው በረዶ ሲታዘዝ ሰምቼ አላውቅም። ልጄ፣ እኔ ያስተማርኩሽ በረዶ አቅልጬ ነው እንዴ?»

መምህርት ፈሪዳም አልተቆጡም፤ ባንኮኒውን ተደግፈው ቀስ ብለው «አባባ፣ ጨው በአኙዋክኛ ምን እንደሚባል ማን አስተማረዎት?» አሉ።

ጋሽ ሸሪፍ ሁለት እጃቸውን ባንኮኒው ላይ አኖሩ። ይህ ነገር የቆየ ታሪክ ነበረው። በወጣትነታቸው ከጎሬ በበቅሎ ወርደው ሱቁን በከፈቱ በመጀመሪያው ሳምንት፣ አንዲት የአኙዋክ እናት ጨው ብትጠይቃቸው ሳሙና ፈቅፍቀው በወረቀት ጠቀለሉላት፤ እርሷም በማግሥቱ አረፋ የደፈቀ የዓሣ ወጥ ከነድስቱ ተሸክማ መጣች፣ ባሮ ዳር ያለው ሕዝብ ሁሉ ተሰብስቦ እየሳቀ ቃሉን አስተማራቸው፤ ጋሽ ሸሪፍም ያንን ቃል እስከ ሽምግልናቸው ድረስ አልረሱም። አሁን ይህን ሲያስታውሱ በመጀመሪያ ጢማቸው በሳቅ ተንቀጠቀጠ፣ ቀጥሎ ትከሻቸው፣ ቀጥሎም ሚዛኑ የተቀመጠበት ባንኮኒ። ዓይናቸውን ጠርገውም «ቢስሚላህ» ብለው የፍሪጁን በር ከፈቱ።

በሩ በተከፈተ ጊዜ ነጭ ጭስ የመሰለ ነገር ወጥቶ በእግራቸው ላይ ፈሰሰ። ኳች ወደ ኋላ ዘለለ፣ እሳት መስሎት ነበርና። መምህርቲቱ ግን ጣታቸውን አንሥተው «ጉም!» ብለው አወጁ፤ የፍሪጁንም ግድግዳ የሸፈነውን ነጭ ነገር በቢላ ጫፍ ፍቀው በኳች መዳፍ ላይ አኑረው «ውርጭ!» አሉ። ኳች መዳፉን ተመለከተ። ከዚያም አጎንብሶ ጭንቅላቱን እስከ ትከሻው ፍሪጁ ውስጥ አስገባ፣ እስኪጎትቱትም ድረስ አልወጣም። በወጣ ጊዜ ቅንድቡ ርሶ ነበር፤ እንዲህም አለ። «ቲቸር፣ ይህ ወባ አይደለም።»

ሰኞ ረፋድ ላይ የበረዶው ጉዞ ሆነ። ከሱቁ እስከ ትምህርት ቤቱ ስምንት መቶ እርምጃ ነው፤ ፀሐይም በዚያ ቀን ለማንም አልራራችም። በፊት ኳች ሳፋውን በራሱ ተሸክሞ ሄደ፣ በሳፋውም ውስጥ በረዶው በሰጋቱራ ተቀብሮ በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ነበር፤ በቀኙ አሪየት የጋሽ ሸሪፍን ጥቁር ጃንጥላ ዘርግታ ከሳፋው በላይ እንዲደርስላት በእግር ጣቷ እየተራመደች ሄደች፤ በግራ መምህርት ፈሪዳ ሰዓታቸውን እየተመለከቱ ሄዱ፤ በኋላ ጋሽ ሸሪፍ ሱቃቸውን ዘግተው፣ በረዶዬ የት እንደሚደርስ ልይ ብለው ተከተሉ፤ ከእርሳቸውም በኋላ ኛሩአች ከነዓሣ ቅርጫቷ፣ ከወደብ ያረፉ ሁለት ቀዛፊዎች፣ አንድ የቀበሌ ዘበኛ፣ አራት ፍየልና ከሳፋው የሚንጠባጠበውን ውሃ የሚልስ አንድ ውሻ። ብዙ በረዶ በመንገድ ወደቀ። ቀበሌው ደጃፍ ሲደርሱ እሩቡ ቀለጠ፣ ማንጎው ዛፍ ሥር እኩሌታው። በደጅ የቆሙት ጓድ ኦጆት ሰልፉን አይተው አዋጅ ሊያውጁ አፋቸውን ከፈቱ፤ ኳች ግን ከሳፋው አንድ ቁራጭ አውጥቶ በእጃቸው አኖረላቸው። ጓድ ኦጆት አፋቸውን ዘጉ፣ ቁራጩንም በአንገታቸው ኋላ አድርገው ሳይናገሩ ወደ ቢሯቸው ገቡ።

በክፍልም መምህርት ፈሪዳ ወንበራቸው ላይ ወጥተው ሕጉን እንዲህ ብለው አወጁ። «በረዶው ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል። የያዘው ሰው ከሠላሳው ቃል አንዱን በአማርኛ ይበል፣ በቤቱ ቋንቋም ይፍታው። ያለ ያሳልፍ። ያላለ እስኪል ይያዘው!»

በረዶውም በሦስቱ አገሮች መካከል ይዞር ጀመር። ልጆቹ በሕይወታቸው እንዲህ ያለ ነገር ነክተው አያውቁምና፣ ያቃጥላል እያሉ ይጮኹ፣ ይስቁ፣ ይዘልሉ ነበር፤ ቃላቱም ከአፋቸው እንደ በቆሎ ፈንዲሻ ይፈናጠሩ ነበር። ትናንት ላጲስ ያልተዋዋሱ ልጆች ዛሬ በጭንቀት አንዱ ለሌላው ያሹከሹክ ጀመር፣ ጎረቤቱ ካልተናገረ በረዶው ለእርሱ ሳይደርስ ይቀልጣልና።

እንዲህ እየዞረ በረዶው ኛባንግ እጅ ደረሰ። ያን ጊዜ የእንቁላል ያህል ቀርቶ ነበር። ኛባንግም እንደ ልማዷ ተነሥታ ቆመች። መምህርት ፈሪዳ ወንበራቸው ላይ እንደቆሙ ተጸጸቱ፣ ይህችን ልጅ በሰው ሁሉ ፊት አዋረድኳት ብለው ሕጉን ሊሽሩ አሰቡ። በረዶው በልጅቱ መዳፍ እየቀለጠ፣ ውሃው በጣቶቿ መካከል በክርኗ ላይ ወርዶ ወደ ወለሉ ይንጠባጠብ ነበር። ኛባንግ ወደ ታች ተመለከተች። ከዚያም ለራሷ እንደምትነግር አድርጋ፣ በኑዌር ቋንቋ «ፒው» አለች፤ ውሃ ማለት ነው።

ከወዲያኛው ረድፍ አሪየት ብድግ ብላ «ፒ! ፒ እኮ የእኛ ቃል ነው! እኛም ውሃን ፒ ነው የምንለው!» ብላ ጮኸች። የበሩ ረድፍ ወደ መስኮቱ ረድፍ ዞረ፣ የመስኮቱም ወደ በሩ፤ ጎረቤት መሆናቸውን ያን ቀን የሰሙ ይመስሉ ነበር። ኛባንግ አሪየትን አየቻት፣ እርጥብ እጇንም ወደ ላይ አነሣችና በአራት ወር የመጀመሪያዋ የሆነውን አዋጅ በአማርኛ አወጀች። «በረዶ ውሃ ነው! ቲቸር፣ በረዶ ዝም ብሎ ውሃ ነው!»

መምህርት ፈሪዳ ከወንበሩ ወረዱ። አዎን ነው፣ ዝም ብሎ ውሃ ነው፣ አሉ፤ ድምፃቸው ግን እንደ አዋጅ አልወጣላቸውም። በመስኮት የሚያዩት ጋሽ ሸሪፍ አልሐምዱሊላህ አሉ፣ ኛሩአችም ቅርጫቷን አስቀምጣ እልል አለች፣ ምን እንደተባለ ባይገባት እንኳ የማን ድምፅ እንደሆነ አውቃለችና።

በረዶው ካለቀ በኋላ ጋሽ ሸሪፍ ሁለተኛ አልሰጡም፣ ቸርነታቸው ልክ ነበረውና፤ ስለዚህ በበረዶ ፈንታ አንድ ጥሬ ማንጎ በአዋጅ ተሾመ፣ እስከ ተቆጣጣሪው ቀን ድረስም ሲዞር ሰነበተ።

ተቆጣጣሪው ጓድ በተባለው ቀን ሙሉ ካኪ ለብሰው፣ እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ በላብ ተጠምቀው መጡ። መጀመሪያ ኳችን አስነሥተው ስለ ውርጭ ጠየቁት። ኳች ለጣሪያው አጎንብሶ መለሰ። «ጓድ፣ ውርጭ ነጭ ነው። ደጋ አገር ሣር ላይ ያድራል። ጋምቤላ ግን በጋሽ ሸሪፍ ፍሪጅ ግድግዳ ላይ ይኖራል።» ተቆጣጣሪው እስክሪብቶአቸውን አነሡ፣ አስቀመጡትም። ካባ ምንድን ነው ብለው ጨመሩ፤ ኳችም ትልቅ ሰው በሙቀት ጊዜ ትልቅነቱን ለማሳየት የሚለብሰው ነው ብሎ የተቆለፈውን አንገታቸውን በአክብሮት ተመለከተ።

ከዚህም በኋላ ኛባንግን አስነሡ፤ መምህርት ፈሪዳ የጠመኔ ሣጥኑን በሁለት እጃቸው ያዙ። ኛባንግ የተጠየቀችውን መለሰች፤ መልሳም አልተቀመጠችም፣ በጨዋታው ሕግ የመለሰ ያሳልፋልና ማንጎውን ወስዳ በተቆጣጣሪው እጅ አኖረች። «ጓድ፣ አሁን የእርስዎ ተራ ነው። ውሃ በአኙዋክኛ ይበሉ» አለች።

ጓድ ኦጆት ከበሩ አጠገብ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ተቆጣጣሪው ማንጎውን ያዙ፣ ወደ ጣሪያ አዩ፣ ወደ መምህርቲቱ አዩ፤ ሃምሳ ስምንት ሰው በትዕግሥት ጠበቃቸው። በመጨረሻ አሪየት በእጇ አፏን ከልላ አሹከሸከችላቸው፣ እርሳቸውም የአንገታቸውን ቁልፍ ፈትተው «ፒ!» ብለው አወጁ። ክፍሉ በጭብጨባ ተናወጠ። ከጣሪያውም አቧራ ወረደ። ተቆጣጣሪውም ማንጎውን ሊያሳልፉ ሲገባቸው አላሳለፉም፣ ሌላ ቃል ጠይቁኝ አሉ።

በዚያ ፈተና ሃምሳ ሦስቱ አለፉ። ከወደቁት አምስት አንዱ አማርኛን ከእናቱ አፍ የተማረ የደገኛ ልጅ ነበር፣ ጨዋታው አያስፈልገኝም ብሎ ሲያንቀላፋ ስለ ከረመ። ኳች ሃያ አንድ አገኘ፤ ሃያ አንደኛዋንም በክርክር ነው ያገኛት። የተቆጣጣሪው ጓድ የጽሑፍ ሪፖርትም በሦስተኛው ቀን ደረሰ፣ ጓድ ኦጆትም ቸርኬውን አስመትተው በሕዝብ ፊት አነበቡት። ቃሉም «በሦስተኛ ክፍል ያለው ጫጫታ ከመጠን ያለፈ ነው። ይቀጥል» ይላል።

ከዚያ ወዲያ ኛባንግ አላቆመችም። ያልተጠየቀችውን ትመልሳለች፣ የሌሎችን ታርማለች፣ ስለ አክስቷ ዓሣና ስለ ጎረቤት ፍየል በሦስት ቋንቋ ትተርካለች፤ አሪየትም ከበሩ ረድፍ ተነሥታ ከጎኗ ስለ ተቀመጠች ነገሩ በእጥፍ ሆነ። በሚያዝያ መግቢያ አንድ ረፋድ ላይ መምህርት ፈሪዳ መታገሥ አቅቷቸው ጠመኔውን ጠረጴዛ ላይ መትተው «ኛባንግ፣ በአላህ ይሁንብሽ፣ አንዴ ዝም በይ!» ብለው ጮኹ። ቃሉ ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ምን እንዳሉ ሰሙት። ፈጥነውም ወደ ውጭ ወጡ፣ ከክፍሉ ግድግዳ ጀርባም ብቻቸውን ቆመው እንባቸው እስኪፈስ ድረስ ሳቁ።

እነሆ መምህርት ፈሪዳ፣ መዋዒተ አርምሞ፣ ዝምታን ያሸነፉ፣ በጋምቤላ ፀሐይ በረዶ ያሻገሩ፣ ሦስት አገር በአንድ ማንጎ የገዙ፣ ተቆጣጣሪን ተማሪ ያደረጉ፣ ምስጋና ይገባቸዋል። ስማቸው በሰሌዳ አይጻፍ፣ ሰሌዳ ይደመሰሳልና፤ በወረቀትም አይታተም፣ ምስጥ ይበላዋልና። የእርሳቸው ዜና በሃምሳ ስምንት አፍ ይኑር፤ እነዚያ አፎች በገበያ ሲከራከሩ፣ በወንዝ ዳር ሲጣሩ፣ ሲሳደቡም እንኳ በሦስት ቋንቋ፣ አንድ ፊደል ሳይሳሳቱ።